እምቢ ያለ አንደበትና የተዘረጋች እጅ፦ ከይድነቃቸው ተሰማ እስከ ደራርቱ ቱሉ

 

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ምክሩ ብዙ ሰው ከብዙ ጣጣ አድኗል። ነገር ግን ከዚሁ ምክር የተነሣ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ በመካከላችን ገብቷል፤ የሰላም ሰው ማለት የማይናገር ሰው ነው ብለን አምነናል። ስፖርተኛው ስለ አገሩ ጉዳይ ሲናገር «አንተ ሩጫህን ሩጥ፤ ምን አገባህ?» ይባላል። ሰባኪው ስለ ወገኑ ስቃይ አፉን ሲከፍት «ወንጌልህን ስበክ» ይሉታል። ተናጋሪ ሰው አንድነትን ያፈርሳል እንጂ አይገነባም የሚል ፍርሃት አለን።

የአገራችን የስፖርት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። የሰላምና የአንድነት ምልክት ሆነው በልባችን የቀሩት ሁሉ ዝምተኞች አልነበሩም። ዛሬ በተለይ ሁለቱን እንመለከታለን። አንደኛው «እምቢ» በማለታቸው ይታወቃሉ፤ ሁለተኛዋ እጇን በመዘርጋቷ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሰላም ትርጉም የሚገባን።

«የሚያስተራርቁ» እነማን ናቸው?

ጌታ በተራራው ስብከቱ ብፁዓን ካላቸው መካከል አስታራቂዎች ይገኛሉ (ማቴዎስ 5፥9)። ልብ እንበል፤ ብፁዕ የተባለው ከጠብ ርቆ በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ሰው አይደለም። ማስታረቅ ሥራ ነው። በባህላችንም ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቅ በዳይ በደሉን እንዲሰማ፣ ተበዳይም እንዲናገር ያደርጋል። በደሉ ሳይነገር «በቃ ተሳሳሙ» ቢል ከሸንጎው ሲወጡ ጠቡ እንደ ገና ይነሣል።

ነቢዩ ኤርምያስ በዘመኑ የነበሩትን መሪዎች የወቀሰው በዚህ ነበር። የሕዝቡን ቁስል በላዩ ላይ ሸፈኑት፤ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው አሉ (ኤርምያስ 6፥14)። መዝሙረኛው ደግሞ ምሕረትና እውነት ሲገናኙ፣ ጽድቅና ሰላም ሲሳሳሙ ያየበት ራእይ አለው (መዝሙር 85፥10)። እንግዲህ ሰላም ብቻውን አይመጣም፤ እውነትን ይዞ ይመጣል። ይህን ይዘን ወደ ታሪኩ እንሂድ።

እምቢ ያሉት ሰው

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ወጣትነታቸው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ተገጣጥሟል፤ ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ አገዛዝ ምን እንደሚመስል በገዛ አገራቸው አይተዋል።

በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ ኮንፌዴሬሽኑን የመሠረቱት አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አንልክም አሉ። የአፓርታይድ ሕግ አይፈቅድላቸውም ነበር። ሌሎቹ መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዋ በመቅረቷ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

በዚያን ጊዜ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ቀላል ነበር። ውድድሩ ገና መወለዱ ነው፤ ቡድኖቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ከአራት አንዱን ማጣት ትልቅ ጉዳት ነው። «ለአንድነታችን ስንል ይሁን፤ ቀስ እያልን እናሻሽለዋለን» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን አንዱን ወንድም ከደጅ አስቀርቶ የሚደረግ ማኅበር አንድነት ሊባል አይችልም። ስለዚህ እምቢ አሉ።

አቶ ይድነቃቸው በራሳቸው አገርም ይህንኑ አሳይተዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባል ነበር፤ የአሥመራ ልጅ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ተሰልፏል። ወረራው ካበቃ ገና ሃያ ዓመት ያህል ነበር፤ የብዙ ቤት ሐዘን አልደረቀም። ያን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ግን ጣሊያናዊ አባት የወለደው ልጅ ነበር። በዘር መለያየትን በውጭ የተቃወመ ሰው በቤቱም አለመለያየቱ ቃሉን እውነተኛ ያደርገዋል።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን በዓለም አቀፍ መድረኮች ሁሉ አፓርታይድን ሳይታክቱ ተቃወሙ። እኛ የድሬዳዋ ሰዎችም የዘመናቸው ትዝታ አለን። በየካቲትና መጋቢት 1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ የአንዱ ምድብ ጨዋታዎች የተካሄዱት በድሬዳዋ ነው። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር በዚህች በባቡር ሐዲድ ዳር በበቀለች ከተማ ተጫወቱ። ደቡብ አፍሪካ ግን ያኔም ከደጅ ነበረች።

በዚያው ዓመት ክረምት የሞንትሪያል ኦሎምፒክ መጣ። የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ኦሎምፒኩን ትተው ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። ምሩጽ ይፍጠር በጉልበቱ ጊዜ ያን ዕድል አጣ፤ ወርቁን ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው። እምቢታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ምንም ያላጠፉ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. አረፉ። የአፓርታይድን መውደቅ አላዩም። የዕብራውያን ጸሐፊ ተስፋውን ሳይቀበሉ ከሩቅ አይተው ስለ ሞቱ ሰዎች ይናገራል (ዕብራውያን 11፥13)። ያ ቃል የተነገረው ስለ እምነት አባቶች ነው፤ ሆኖም ፍሬውን ሳይበሉ ዛፉን የሚተክሉ ሰዎች በየዘመኑ እንዳሉ ያስታውሰናል።

የተዘረጋች እጅ

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና። ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ ተመልሳለች። ኢትዮጵያም የራሷን ቁስል ይዛ ነበር የመጣችው፤ በ1976ቱና በ1981ዱ ኦሎምፒክ አልተሳተፈችም፤ የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነው። በሴቶች 10,000 ሜትር የበቆጂዋ የ20 ዓመት ወጣት ደራርቱ ቱሉ እና ነጭ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ሌሎቹን ጥለው ለብቻቸው ወጡ። ማየር ትመራለች፤ ደራርቱ ከኋላዋ አትለቅም። በመጨረሻው ዙር ደራርቱ ተፈትልካ ወጣችና በ31 ደቂቃ ከ06 ሰከንድ ገባች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ሩጫ ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። ደራርቱ ግን ማየርን ጠበቀቻት። ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ጥቁርና ነጭ፣ የአንድ አህጉር ሁለት ልጆች። ዓለም በዚያ ምስል ውስጥ አዲስ አፍሪካን አየ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ መተቃቀፍ ውበቱ ከየት መጣ? በ1949 ዓ.ም. እነ አቶ ይድነቃቸው እምቢ ባይሉና ነገሩ በዝምታ ቢታለፍ ኖሮ፣ የደራርቱና የማየር እጅ ለእጅ መያያዝ ምን ትርጉም ይኖረው ነበር? በደሉ ሳይነካ የተደረገ መሳሳም ይሆን ነበር። የደራርቱ እጅ የተዘረጋው ግን የአፓርታይድ ግድግዳ መፍረስ ከጀመረ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «እምቢ» ብቻ ቢቀር፣ የተዘረጋ እጅ ባይከተለው፣ ፍትሕ ወደ በቀል ይለወጥ ነበር። እምቢታው መንገዱን ጠረገ፤ እጇ መንገዱን ተሻገረች። ምሕረትና እውነት የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

ደራርቱ ይህን ያደረገችው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን የእንግሊዟ ፓውላ ራድክሊፍ ሕመም ይዟት ስትዘገይ ደራርቱ ዞር ብላ አበረታታቻት። ያን ውድድር ያሸነፈችው ራሷ ደራርቱ ናት፤ በ37 ዓመቷ። ተፎካካሪን እንደ ሰው ማየት ልማዷ ነበር።

አንደበቷ ሲከፈት

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ። ያን ዘመን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በትግራይ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። በአማራና በአፋርም መንደሮች ፈረሱ፣ እናቶች አለቀሱ። ስለ አንዱ እናት እንባ መናገር የሌላዋን እንባ እንደ መካድ ይቆጠር ነበር። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አንዱ ሲጸልይ ሌላው «አሜን» ለማለት የሚያመነታበት ጊዜ ነበር።

በዚህ መካከል በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በአሜሪካ ኦሪገን ተካሄደ። ኢትዮጵያ 4 ወርቅ፣ 4 ብርና 2 ነሐስ አግኝታ ከዓለም ሁለተኛ ሆነች። ለተሰንበት ግደይ በ10,000 ሜትር፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5,000 ሜትር ወርቅ አጠለቁ። ሦስቱም የትግራይ ልጆች ናቸው። አራተኛው ወርቅ የታምራት ቶላ ነበር፤ የኦሮሚያ ልጅ። አገር በጦር ሜዳ ስትለያይ ልጆቿ በሩጫ ሜዳ አንድ ባንዲራ ከፍ አደረጉ።

ደራርቱ በዚያን ጊዜ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበረች። ወርቁን ቆጥሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ዝም ማለት ለእሷ ቀላሉ መንገድ ነበር። እሷ ግን እነዚህን ልጆች እንደ እናት አቀፈች። በዚያ ሰሞን በአደባባይ ስትናገርም ከትግራይ የመጡት አትሌቶች ደስታቸውን ከወላጆቻቸው ጋር መካፈል አለመቻላቸውን በእንባ አነሣች፤ ሰላም እንዲወርድም ተማጸነች።

እስቲ አስቡት፤ ልጅህ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ አንተ ግን ስልክ የለህም። የአርሲዋ ኦሮሞ ደራርቱ ያነሣችው የትግራይን እናት ሐዘን ነው። የራሷን ቤት ሐዘን የሚያነሣ ብዙ ሰው ነበረ፤ የሌላውን ቤት ሐዘን በአደባባይ ያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከሚደሰቱት ጋር መደሰትን፣ ከሚያለቅሱት ጋርም ማልቀስን ያዘዘን (ሮሜ 12፥15) ለዘመዶቻችን ብቻ አይደለም።

ንግግሯ ጦርነቱን በማግስቱ አላስቆመውም። እንዲያውም በነሐሴ ወር ውጊያው እንደ ገና አገረሸ። ሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የተፈረመበት ቦታ ደግሞ ፕሪቶሪያ ነው፤ በአንድ ወቅት የአፓርታይድ መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ከተማ! ኢትዮጵያውያን ለእነሱ ነጻነት እምቢ ያሉላቸው ሰዎች አገር፣ እኛ እርስ በርሳችን ስንተላለቅ የዕርቅ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀበለችን። የእግዚአብሔር አሠራር ያስደንቃል። በእንጀራህ ላይ የዘራኸው ደግነት በማታስበው ቀንና በማታስበው አገር ይመለስልሃል።

የራስን ወገን ሐዘን ያነሣ ሰውስ?

አንድ ጥያቄ መዝለል የለብንም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ማራቶን ፈይሳ ሌሊሳ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፎች ላይ ሰው ሲገደል የነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል በስደት በአሜሪካ ኖሮ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። አንዳንዱ «ይህ ሰው የአንድነት ምልክት እንዴት ይሆናል? የተናገረው ስለ ራሱ ወገን ነው» ይላል።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ስለ ተገደለ ወገን መጮኽ ኃጢአት አይደለም፤ መጽሐፍ ስለ ዲዳው አፋችንን እንድንከፍት ያዘናል (ምሳሌ 31፥8)። የሚፈትነን የሚቀጥለው ጥያቄ ነው፤ ስለ ወገኔ የጮኸው አፌ ስለ ሌላውም ይጮኻል ወይ? በፈይሳ ላይ ፈራጅ ለመሆን አይደለም ይህን የምለው፤ ጥያቄው የእያንዳንዳችን ነው። በራሳችን ቁስል ላይ የቆመ ጩኸት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን መንገድ ብቻ የሄደ እውነት ነው። ወደ ጎረቤት ቁስል ሲሻገር የአንድነት ድምፅ ይሆናል።

ከአቢግያ የምንማረው

በ1ኛ ሳሙኤል 25 አቢግያ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ናባል ዳዊትን አዋርዶ ሰደበ፤ ዳዊትም ሰይፉን ታጥቆ ቤቱን ሊያጠፋ ተነሣ። አቢግያ ዝም ብትል ደም ይፈስስ ነበር። ዝም አላለችም። የባሏን ጥፋት አልሸፈነችም፤ ዳዊትንም ስለ ያዘው ቁጣ ሳታወላውል ነገረችው። ግን እንዴት? ስንቅ ይዛ ሄደች፣ በግንባሯ ተደፋች፣ ዳዊት ነገ ንጉሥ ሲሆን በከንቱ ያፈሰሰው ደም እንዳይጸጽተው አሰበችለት። ለሁለቱም ወገን እየራራች እውነትን ተናገረች።

ከእሷም፣ ከእነ አቶ ይድነቃቸውና ከደራርቱም ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅበት።

አንደኛ፣ የምናገረው ነገር ያስከፍለኛል ወይስ ይከፍለኛል? እነ አቶ ይድነቃቸው አራተኛውን ቡድን አጥተዋል። ዛሬ ግን ጭብጨባ ፍለጋ ብቻ የሚነገር ቁጣ ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ የማላውቀውን ቤት ሐዘን ያካትታል ወይ?

ሦስተኛ፣ ከንግግሬ በኋላ እጄን ለመዘርጋት ዝግጁ ነኝ ወይ? እውነትን በፍቅር መናገር ማለት (ኤፌሶን 4፥15) ከእውነቱ በኋላ ሰውየውን መጠበቅ ነው፤ ደራርቱ በፍጻሜው መስመር ላይ ማየርን እንደ ጠበቀቻት።

ለእኛ ለድሬዎች

ድሬዳዋን «የፍቅር ከተማ» እንላታለን። ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ ያመጣቸው፣ ንግዱ የሳባቸው፣ በስፍራው የነበሩትም ተቀላቅለው አሳድገዋታል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡና ግሪኩ ገበያ ላይ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ተናግሯል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሲሞላ የወሰደው ብሔር መርጦ አልነበረም፤ የቀረነውም ብሔር ሳንመርጥ አለቀስን።

ሆኖም በቅርብ ዓመታት ሰፈር ከሰፈር ድንጋይ የተወራወረበት፣ ልጆቻችን በወሬ ተነሥተው ትላንት ኳስ ከተጫወቱት ጋር የተጋጩበት ቀን አይተናል። ፍቅር የከተማ ቅጽል ሆኖ ብቻ አይኖርም፤ የሚናገርለትና እጁን የሚዘረጋለት ሰው ይፈልጋል። ከከዚራ ወደ መጋላ ለመሻገር ደቻቱን ማቋረጥ ግድ ነው። አሸዋውን የማይረግጥ እግር ወዲያ ማዶ አይደርስም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚሆን ሥራ ልስጣችሁ። በእናንተ ፊት ስለ ሌላ ብሔር ወይም ስለ ሌላ ሃይማኖት ሰዎች የሐሰት ወሬ ሲወራ፣ በቁጣ ሳይሆን በቀስታ «ይህ እውነት አይደለም» በሉ። ያ የእናንተ እምቢታ ነው። ከዚያም ሐዘኑን ጠይቃችሁት ወደማታውቁት ጎረቤት ቤት ሂዱ፤ ቡና ጠጡ፤ ስለ ልጆቹ ጠይቁ። ያ የእናንተ የተዘረጋ እጅ ነው። ሻምፒዮን መሆን አያስፈልገውም።

ከምልክቱ በላይ

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ስፖርተኛ የሰላም ምልክት መሆን ይችላል፤ ምልክት ግን መድኃኒት አይደለም። ባርሴሎና ላይ ዓለም ካጨበጨበ በኋላም ዓለም ተዋግቷል። ኦሪገን ላይ ካለቀስን በኋላም ደም ፈስሷል። ሰዎችን ማድነቅ መልካም ነው፤ ሸክማችንን ሁሉ በእነሱ ላይ መጫን ግን ለእነሱም ከባድ፣ ለእኛም ከንቱ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቶስ ራሱ ሰላማችን መሆኑን፣ ሁለቱን ወገን የሚለየውን ግድግዳም በመስቀሉ ማፍረሱን ይነግረናል (ኤፌሶን 2፥14-16)። በመስቀሉ ላይ እውነትም ምሕረትም ሙሉ ናቸው። እግዚአብሔር ኃጢአታችንን «ምንም አይደለም» አላለም፤ በልጁ ላይ ፈረደበት። የተቸነከሩት እጆች ግን ለጠላቶቹ የተዘረጉ ነበሩ። ትልቁ «እምቢ» እና ትልቁ «ና» በአንድ ሰው ተገናኙ። ይህን ሰላም ገና ያልቀመስክ ወንድሜ፣ ያልቀመስሽ እህቴ፣ ዛሬ በእምነት ወደ እሱ መምጣት ትችላላችሁ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሐሰትን እምቢ የሚል አንደበት ስጠን፤ ያንኑ አንደበት ከመራርነት ጠብቅልን። ልጆቻቸውን ያጡትን የትግራይ፣ የአማራ፣ የአፋር፣ የኦሮሚያና የሌሎችም ስፍራ እናቶች አጽናና። ድሬዳዋን ባርካት፤ እጃችንንም ለጎረቤቶቻችን ዘርጋልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።